ድመቶቹ ሲጣሉ ቤቱ ይሸታል፦ የድመት ሽንትን ለማጥፋትና የተጣሉ ድመቶችን ለማስታረቅ ዝርዝር መመሪያ

ሁለት ድመት ባለበት ቤት ምንጣፉ ወይም ፍራሹ መሽተት ሲጀምር አብዛኞቻችን የምንሮጠው ወደ በረኪና ነው። ሽታው ለአንድ ሁለት ቀን ይደፈናል፤ ከዚያ ድመቷ እዚያው ቦታ ላይ ትደግመዋለች። ያኔ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። እዚህ ላይ ግን ተረቱ ድመቷን ይበድላታል። ድመት ቆፍራ፣ ሸንታ፣ ሸፍና የምትሄድ ንጹሕ እንስሳ ናት። የመጸዳጃ አሸዋዋን የለመደች ድመት ድንገት ሶፋ ላይ መሽናት ከጀመረች ወይ አሟታል፣ ወይ መጸዳጃዋ አልተመቻትም፣ ወይ ደግሞ ሌላኛዋ ድመት መንገድ ዘግታባታለች።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። እድፉና ጠቡ አንድ ጉዳይ ናቸው። ድመቶቹ ሳይታረቁ ቤቱን ቢያጥቡ በሳምንቱ ደግመው ያጥባሉ። ጠረኑ ሳይጠፋ ለማስታረቅ ቢሞክሩ ደግሞ ምንጣፉ ላይ የቀረው ሽታ ራሱ ጠቡን ይቆሰቁሰዋል። ስለዚህ ሥራውን በቅደም ተከተል ይያዙት፤ መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ መለየት፣ ከዚያ ማጽዳትና መጸዳጃውን ማስተካከል፣ በመጨረሻም ማስታረቅ።

1. ሕመም አለመሆኑን ያረጋግጡ

ድመቷ በየደቂቃው ወደ አሸዋዋ እየተመላለሰች ጠብታ ብቻ ከሸናች፣ ስትሸና ከጮኸች፣ ሽንቷ ደም ከቀላቀለ ወይም ብልቷን ደጋግማ ከላሰች የፊኛ ወይም የሽንት ቧንቧ ችግር አለባት ማለት ነው። ወንድ ከሆነ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠርና በዝልግልግ ነገር ይደፈናል። አሸዋው ያለበት ሳፋ ላይ ቁጢጥ ብሎ እያማጠ ምንም ካልወጣው «ሆድ ድርቀት ይሆናል» ብለው አይለፉት፤ ሽንቱ የተዘጋበት ድመት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ለሐኪም ይደውሉ።

ዕድሜዋ የገፋ ድመት ውሃ አብዝታ እየጠጣች አብዝታ የምትሸና ከሆነ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ጀርም ሳይኖር ከጭንቀት ጋር ተያይዞ የሚመጣ የፊኛ ብግነትም አለ። ሌላ ድመት የምታሳድዳት ድመት ለዚህ የተጋለጠች ናት። ፊኛዋ ይቆጣል፣ ስትሸና ያማታል፣ ሕመሙን ከአሸዋው ጋር ታያይዘውና አሸዋውን ትሸሸዋለች። እኛ የምናየው ግን ሶፋው ላይ ያለውን እርጥበት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒክ አይጠፋም፤ ቢሾፍቱና አካባቢዋ የሚኖር ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቅርቡ ነው። እስከዚያው ቤት ያለ የሰው መድኃኒት በፍጹም አይስጡ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል።

2. የትኛዋ ናት የሸናችው? እንዴትስ ሸናች?

ቁጭ ብላ የሸናች ድመት ምንጣፍ፣ አልጋ ወይም ወለል ላይ ሰፋ ያለ እርጥበት ትተዋለች። የረጨች ድመት ግን ቆማ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ወይም ለመጋረጃ ሰጥታ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እያንቀጠቀጠች ጥቂት ትረጫለች፤ ምልክቱም ከወለሉ ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ታች ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው በአብዛኛው የሕመም፣ የፍርሃት ወይም የመጸዳጃ ችግር ነው። ሁለተኛው ድንበር ማካለል ነው። ወንዱም ሴቷም ይረጫሉ፤ በብዛት የሚረጨው ግን ያልተኮላሸ ወንድ ነው።

ያልተኮላሸ ወንድ ሽንቱ ከሌላው የባሰ የሚከረፋው ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ነው። ይህ ነገር አየር ላይ ቆይቶ ሲፈራርስ ያንን ከልብስ የማይለቅ ክርፋት ይሰጣል። ማኮላሸት ከ10 ወንዶች በ9ኙ ገደማ መርጨቱን ያስቀራል ወይም በእጅጉ ይቀንሳል። ከተኮላሹት ወንዶች 10 በመቶ፣ ከመከኑት ሴቶች 5 በመቶ ያህሉ ግን መርጨታቸውን አይተዉም፤ የእርስዎ ድመት ከእነዚህ አንዷ ከሆነች መፍትሔው ያለው ከታች በማስታረቁ ክፍል ነው።

በግምት አይፍረዱ። አሮጌ ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክተው ካሜራውን ወደ ቦታው ያዙሩትና ቪዲዮ እያነሳ ይደር። ብዙ ጊዜ ጠብ የምትጭረው አንደኛዋ ሆና የምትሸናው ተበዳይዋ ናት። «ልጄ፣ አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ አሻሽተሽ በጥፊ በያት፤ ሁለተኛ አይለምዳትም» የሚሉ እናቶች በየጎረቤቱ አሉ። በአክብሮት ሰምተው ይለፉት። የተመታች ድመት የምትማረው እርስዎን መፍራት ብቻ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ሌላ ሽንት ያመጣል።

3. ዛሬውኑ ይለያዩዋቸው

የሚደባደቡ ከሆነ ጽዳቱን ከመጀመርዎ በፊት በተለያየ ክፍል ያድርጓቸው። ለእያንዳንዳቸው አሸዋ፣ ውሃ፣ ምግብና መኝታ ያሰናዱ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ከሆነ አንዷ መኝታ ቤት፣ ሌላዋ ሳሎን ትሁን። ጸጥ ያለውን ክፍል ለተሳደደችው ይስጡ። መለየቱ ቅጣት አይደለም፤ ሁለቱም የሚያርፉበት ጊዜ ነው።

4. ሽንቱን ፈልጎ ማጥፋት

አፍንጫ ያሳስታል፤ ክፍሉ በሙሉ የሸተተ ይመስላል። ሱቆች ብር ለመፈተሽ የሚጠቀሙባት ሐምራዊ መብራት ለዚህ ትጠቅማለች። ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፍተው፣ መጋረጃውን ዘግተው፣ መብራቷን ወደ ወለሉ ጠጋ አድርገው ቀስ ብለው ይሂዱ። የደረቀ ሽንት ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ይታያል። የልብስ ሳሙና ቅሪትም ስለሚያበራ የታየውን ቦታ ጠጋ ብለው ያሽትቱ። ከሶፋው ጀርባ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከዞኮሎው በላይ ያለውን ግድግዳና የጫማ መደርደሪያውን አይዝለሉ። ያገኙትን ሁሉ በጠመኔ ያክብቡት፤ መብራት ሲበራ ቦታው ይጠፋብዎታል።

ለምን በውሃና በሳሙና ብቻ አይለቅም? ሽንት ውስጥ ገበሬ በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ አለ። ባክቴሪያ ዩሪያውን ሲበላው አሞኒያ ይወጣል፤ አይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። ሌላው ቅሪት በጨርቁ ክርና በስፖንጁ ቀዳዳ ውስጥ ይደርቅና እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታውን ይለቃል። በጋውን ጠፋ ያልነው ሽታ ሐምሌ ሲገባ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ዕጣን ማጨስም የሚረዳው የእንግዳን አፍንጫ ብቻ ነው፤ ድመቷ ከዕጣኑ ሥር ሽንቱን ታሸተዋለች።

ከማጽጃው በፊት የማይደረጉትን ልናገር፤ አደጋ ስላላቸው ነው።

በረኪና ሽንት ላይ አያፍስሱ። በረኪናና አሞኒያ ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልም ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ውሃ ሲነካው ወተት የሚመስለውን ፀረ ጀርምም ድመት ባለበት ቤት አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያሉትን ፌኖል ነክ ኬሚካሎች የድመት ጉበት በደንብ አያስወግድም፣ ድመቷ ደግሞ የረገጠችውን ከእግሯ ላይ ትልሰዋለች። የፈላ ውሃና የእንፋሎት ማሽንም ይቅሩ፤ ሙቀቱ እድፉን ጨርቁ ውስጥ ያጋግረዋል።

ሽንቱ ትኩስ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። አይሹት። ደረቅ ፎጣ ወይም ያረጀ ነጠላ አጣጥፈው ያስቀምጡበትና ይቁሙበት፤ ፎጣው ሲርስ ይቀይሩ። ምንም መምጠጥ እስኪያቆም ድረስ ይደጋግሙት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት አፍስሰው እንደገና ያስመጥጡ። ይህች ቀላል ሥራ በደንብ ከተሠራች ግማሹ ድካም ይቀራል።

ከሁሉ የተሻለው ማጽጃ ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለበት የቤት እንስሳት ሽንት ማጽጃ ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዱባይ ለሚኖር አንባቢ በየቤት እንስሳት መደብሩ አለ፤ አገር ቤት ላለው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቢገባ የማይቆጭ ዕቃ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከላይ ረጭተው ወዲያው ሲጠርጉት ነው። ኢንዛይም የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው። ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እንዲደርስ አድርገው ያርሱት፣ ከእድፉ ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል አልፈው ያፍስሱ፣ በፌስታል ሸፍነው ለሰዓታት ይተዉት፤ አሮጌ እድፍ ከሆነ ያሳድሩት። ከዚያ ገልጠው በአየር ያድርቁት። ቀድሞ በሳሙና ወይም በሌላ ኬሚካል ታጥቦ ከነበረ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ የኬሚካሉ ቅሪት ኢንዛይሙን ያዳክመዋል።

ይህ ካልተገኘ ኢንዛይም ያለበት የዱቄት ሳሙና ይፈልጉ፤ ፓኬቱ ጀርባ ላይ ይጻፋል። 100 ግራም ያህሉን በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ያርሱበት፣ ካቆዩት በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ። ላረጀ እድፍ ሌላ መላ አለ። ግማሽ ሊትር ገደማ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ (ከፋርማሲ ይገዛል)፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ሳፋ ውስጥ ይቀላቅሉ፤ ወዲያው ያፍስሱበት። ጠርሙስ ውስጥ ከድነው አያስቀምጡት፤ ጋዝ ስለሚፈጥር ይፈነዳል። ቀለም ያነጣልና ከማይታይ ጥግ ላይ ይሞክሩት። ከአቼቶ ጋር አይደባለቅ፤ እስኪደርቅም ድመቶቹ አይግቡ። አቼቶ ራሱን ችሎ ከእኩል ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ለጨርቅ ይሆናል፤ እምነበረድ ላይ ግን ያበላሻል።

ስፖንጅ ፍራሽ የብቻው ጉዳይ ነው። ላዩ ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ እድፍ ይታያል፤ ዚፑን ከፍተው ስፖንጁን ቢያዩት ግን እድፉ ወደ ውስጥ እየሰፋ ሄዶ ታች ከሳህን በላይ ሆኗል። ስለዚህ ማጽጃው የሚለካው በታችኛው ስፋት ነው። ካርሱት በኋላ በፎጣ እየተጫኑ ያስመጥጡት፤ ከዚያ በረንዳ ላይ በጎኑ አቁመው ፀሐይ ያግባው። ውስጡ ሳይደርቅ አልጋ ላይ አይመለስ። ብዙ ጊዜ ተሸንቶበት እስከ ታች የበሰበሰ ስፖንጅ ግን አይድንም፤ ጉልበትዎን አይጨርሱበት።

ሲሚንቶ ወለል ሽንት ይጠጣል። ኢንዛይሙን አሳድረው፣ አድርቀው፣ ሽታው ሲጠፋ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቢቀቡት ዳግመኛ አይመጥም። ፓርኬ ከጠቆረ ማስላጥና ቫርኒሽ ማስቀባት ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው በኢንዛይም ሳሙና ይጠቡ፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ደግመው ይጠቡ እንጂ ወደ አልጋ አይመለሱ።

5. መጸዳጃው

ደንቡ የድመቶቹ ቁጥር ሲደመር አንድ ነው፤ ለሁለት ድመት ሦስት። ሦስቱ ጎን ለጎን ከተደረደሩ ግን ለድመት እንደ አንድ ናቸው፤ አንዷ ድመት መንገዱ ላይ ከተኛች ሦስቱንም ዘጋች ማለት ነው። ቤቱ ከጠበበ ቢያንስ ሁለቱ እርስ በርስ በማይታዩ ክፍሎች ይሁኑ።

የልብስ ማጠቢያ ሰፊ ሳፋ ከሱቅ ከሚመጣው ክዳን ካለው መጸዳጃ ይሻላል፤ ርዝመቱ የድመቷን አንድ ተኩል ያህል ይሁን፣ አጠገቡም ከአንድ በላይ መውጫ ይኑረው። ክዳን ያለው ውስጥ የገባች ድመት ስትወጣ ልትደበደብ ትችላለች። ደቃቅ አሸዋ ይሆናል፤ ሰጋቱራም የሚወዱ አሉ። ሁለቱን ለየብቻ አቅርበው የመረጡትን ይስጧቸው። ሽቶ ያለበት አይሁን። በየቀኑ ይዛቁ፤ ሳፋውን በሳምንት አንዴ በተራ ሳሙና ይጠቡ። ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለች ዛቂው ሌላ ሰው ይሁን፤ ጽንስን ሊጎዳ የሚችል ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተህዋስ በድመት ኩስ ስለሚተላለፍ ነው።

6. ማስታረቅ

የድመት ጠብ ሁልጊዜ ጩኸትና የሚበር ፀጉር የለውም። ለምሳሌ ነብሮ የሚባል ወጠምሻ ድመት ኮሪደሩ አፍ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ላየው ሰው እንቅልፍ የወሰደው ነው። ሌላዋ ድመት ሚጡ ከመኝታ ቤት ወጥታ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች። ነብሮ ጭንቅላቱን አያነሳም፤ ዓይኑን ብቻ ይከፍትና ያፈጥባታል፣ የጅራቱ ጫፍ ትወዛወዛለች። ሚጡ ትቆማለች፣ ጆሮዋን ወደ ጎን ታጋድማለች፣ ወለሉን ታሸታለች፣ ትመለሳለች። አሸዋው ያለው ከኮሪደሩ ማዶ ነው። ማታ አልጋው ላይ ሽንት ይገኛል። ቤቱ ውስጥ ማንም ጠብ አላየም። ሁለት ድመት ያለው ሰው ይህን ማየት መልመድ አለበት፤ የእኔ ዋና ምክር ይህ ነው።

ማስታረቁ የሚጀምረው በጠረን ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ በንጹሕ ካልሲ ወይም ጨርቅ የአንዷን ጉንጭ አሽተው በሌላዋ ምግብ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ሌላዋንም እንዲሁ። ጨርቁን አሽታ ካለፈች ደህና ነው፤ ካጉረመረመች ራቅ ያድርጉት። ቀጥሎ ክፍል ይቀያይሯቸው፤ አንዷ የሌላዋን ቦታ ሌላዋ ሳትኖር ትዙረው። ከዚያ ሁለቱንም በዝግ በር ግራና ቀኝ ይመግቧቸው። መጀመሪያ ሳህኑ ከበሩ ራቅ ይበል፤ ተረጋግተው ሲበሉ በትንሽ በትንሹ ይጠጋ። ጥሩ ነገር፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ዶሮ ወይም አሣ፣ የሌላዋ ድመት ጠረን ባለበት ጊዜ ብቻ ይምጣ።

በሩ ሥር ያለምንም ማጉረምረም መብላት ሲችሉ በሩን በጥቂቱ ገርበብ አድርገው ወይም የወባ አጎበር ወጥረው ይተያዩ። እየበሉ ነው የሚተያዩት። አንዷ መብላት አቁማ ካፈጠጠች ካርቶን መሐላቸው ያስገቡና ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሱ። በመጨረሻ ያለ መጋረጃ ይገናኙ፤ ጥቂት ደቂቃ፣ በጨዋታና በምግብ ተይዘው፣ ሁለቱም ገና ደህና ሳሉ ይለዩ። ይህ ሁሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። የሚያበላሸው «ራሳቸው ይጨራረሱ፣ ይለምዳሉ» ብሎ በሩን መክፈት ነው፤ አንድ ክፉ ድብድብ የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል።

ከተያያዙ እጅ አያስገቡ። ትራስ፣ ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ መሐላቸው ይጣሉ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ቀብሮት ይወጣል፤ ቁስሉ ከላይ ትንሽ መስሎ እጅ በአንድ ቀን ሊያብጥ ይችላል። የተነከሰ ሰው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብና ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም አለ፤ በድመት ንክሻም ይተላለፋል። ድመቶችዎን ያስከትቡ።

ሁለት የጠብ መነሻዎችን ለብቻ ልጥቀስ። አንደኛው፣ ድመቷ በመስኮት የሰፈር ድመት አይታ ትቆጣና ንዴቷን አጠገቧ ባለችው ላይ ትወጣዋለች። የመስኮቱን ታችኛ ክፍል በወረቀት መሸፈን ብቻውን ሰላም የሚያወርድበት ቤት አለ። ሁለተኛው፣ ከሐኪም የተመለሰች ድመት የክሊኒክ ሽታ ስለያዘች ቤት የቀረችው እንግዳ መስላት ትነሳባታለች። የተመለሰችውን ለብቻዋ ያሳድሯት፣ ከቤት ጨርቅ ጋር ትተኛ፣ ከዚያ ይገናኙ።

ቤቱንም ያስተካክሉት። የምግብና የውሃ ሳህን ለየብቻ፣ በማይተያዩበት ይሁን። ድመት ከፍታ ትወዳለች፤ የቁምሳጥኑ ጫፍ ላይ ብርድ ልብስ ያንጥፉ፣ ለመውጫ ወንበር ያስጠጉ፣ ካርቶኖችን ሁለት አፍ አውጥተው በየጥጉ ያስቀምጡ። ያልመከኑ ካሉ ያስመክኑ። ፌሊዌይ የሚባለው፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ድመትን የሚያረጋጋ ጠረን የሚለቅ ዕቃ አንዳንድ ድመቶችን ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያስታርቅም። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልበረደ ሐኪሙ የጭንቀት መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

የማይታረቁም አሉ። በፈረቃ፣ አንዷ ቀን ሌላዋ ማታ፣ በየክፍላቸው በሰላም መኖር ይችላሉ። ያ ካልሆነ ለአንዷ ብቸኛ ድመት የምትሆንበት ቤት ይፈልጉላት። በጆንያ አስገብቶ ሩቅ ሰፈር መጣል ግን ጭካኔ ነው፤ የቤት ድመት ውሻ፣ መኪናና ረሃብ ላይ ትጣላለች። ወደ አዲሱ ቤት ስትሄድ የለመደችውን ሳፋ፣ ጥቂት የራሷን አሸዋና ያልታጠበ መኝታዋን አብረው ይላኩ፤ መጀመሪያም አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ እንድትሰነብት ለተቀባዩ ይንገሩ።